የፊንታንን መቃብር ማን ይቆፍር

«አልጠጣም፤» አለ ባርትሊ፣ ሶርካ የዘረጋችለትን ስኒ በእጁ ጀርባ መለስ አድርጎ። «ለቅሶ ልደርስ እንጂ ሻይ ልጋበዝ አልመጣሁም።»

ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል፤ የሚቀምስ ግን አንድም የለም። አክስቷ ዴሊያ ከማለዳ ጀምራ ያዘጋጀችው ዳቦ ጠርዙ እየደረቀ ነው። የሶርካ አባት ፊንታን መስኮቱ ሥር፣ ክፍት የሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ተጋድሟል። የአጥቢያው ሰው ተራ በተራ እየገባ ግንባሩን ይነካል፣ ለሶርካ «እግዜር ያጽናሽ» ይላል፣ ከዚያ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። በአየርላንዱ የማዮ ገጠር ከለቅሶ መቅረት ነውር ነውና ጠላትም መጥቷል። እንዲያውም ከመጡት ውስጥ ወዳጁን መቁጠር ይቀል ነበር።

«ቀብሩ ነገ ከሰዓት ነው፤» አለች ሶርካ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እርስዎ እስካሁን ቆፋሪ አልጠሩም።»

እዚህ አጥቢያ መቃብር በተቀጠረ ሰው አይቆፈርም። ጎረቤት ይቆፍራል፤ ቤት ለቤት ዞሮ አካፋ የሚያስነሳው ደግሞ ከሠላሳ ዓመት ጀምሮ ባርትሊ ነው። የሟች ቤተሰብ አካፋ አይነካም፤ ከነካ ሬሳው ሰው አልነበረውም ማለት ነው።

«አልጠራሁም፣ አልጠራምም። እዚህ ከቆሙት ውስጥ ላባትሽ ጎንበስ የሚል ካገኘሽ ራስሽ ጥሪው።»

ሶርካ ዞር ዞር ብላ አየች። ወንዶቹ ጫማቸውን ያያሉ። ከምድጃው ጥግ አንዲት ሴት፣ ሹክሹክታ አስመስላ ሁሉም እንዲሰማ፣ «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ!» አለች።

ነገሩ የሃያ ሁለት ዓመት ነገር ነው። ያኔ የሥጋ ፋብሪካው ሦስት መቶ አባወራ ያሳድር ነበር። የሥጋው ዋና ገዢ የአንድ ሩቅ በረሃማ አገር መንግሥት ነው። የአየርላንድ የንግድ ሚኒስትር አዲሱን ውል ሊፈርም ሲሄድ፣ አጠገቡ ቆሞ ፈገግ የሚል እውነተኛ ሠራተኛ ፈለገ። የሥጋ ቆራጮቹን አለቃ ፊንታንን ሙሉ ልብስ አልብሰው ወሰዱት። ሆቴሉ ውስጥ ክፍል የምታጸዳ ሴት ብጣሽ ወረቀት እጁ ላይ አስጨበጠችው። የወንድሟ ስም ነበረበት፤ ነርስ ነው፣ በሰልፍ የቆሰሉ ልጆችን አክመሃል ተብሎ የታሰረ። በእራቱ ግብዣ ላይ ፊንታን ስለ አየርላንድ ሥጋ ሁለት ቃል እንዲናገር ተጋበዘና ተነሣ።

«ሥጋችን ጥሩ ነው፤» አለ። «ነርሱ ዩኒስ ግን የት ነው ያለው?»

አስተርጓሚው ነገሩን ዋጠው። የጋባዡ አገር ሚኒስትር ግን ደብሊን የተማረ ኖሮ ቃል በቃል ገባው። በሦስተኛው ሳምንት ውሉ ቀረ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ፋብሪካው ተዘጋ። የባርትሊ አንድ ልጅ ኦዊን ሥራ ፍለጋ ለንደን ሄዶ ሕንፃ ላይ ሲሠራ ወድቆ ሞተ። ፊንታን ለኦዊን መቃብር ሊቆፍር እንደ ጎረቤት ቢመጣ፣ ባርትሊ ሰው ሁሉ እያየ አካፋውን ከእጁ ነጠቀው።

ሶርካም ብትሆን ያኔ አባቷን ጠልታው ነበር። ትምህርቷ ተቋርጦ እንግሊዝ አገር አሮጊት ስትንከባከብ አንድ ጊዜ በስልክ ጠይቃዋለች።

«ያ ሰውዬስ ተፈታ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን አባዬ? ለምን?»

«የእህቱ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤» አላት። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ የምትደውልለት ለገና ብቻ ነበር፤ አሁን ሣጥኑ አጠገብ ቆማ የጠላችው ራሷን ነው።

«ወንድሜ ሰው ጠየቀ እንጂ ሰው አልሸጠም!» አለች ዴሊያ ከወጥ ቤቱ በር።

«የኛን ጉሮሮ ዘጋ!» ባርትሊ ጮኸ፣ ሬሳ ፊት መሆኑንም ረሳው። «እኛ ብንቀር ሌላ አገር በወሩ ሥጋውን ጭኖ ሄደላቸው። እስረኛው እዚያው፣ እኛ ሜዳ ላይ። ማን ያውቃል፣ በሱ ምላስ የተነሣ ገድለውትም ይሆናል!»

ዴሊያ ወደ ወጥ ቤቱ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት ሶርካ የአባቷን አካፋና ዶማ ከጎተራው አወጣች። ዴሊያ በሩ ላይ ቆመችባት።

«ቤተሰብ አይቆፍርም! ልታዋርጂን ነው?»

«እና እዚያው መስኮት ሥር ይቀመጥልሽ?» ብላት አለፈች።

የመቃብሩ መሬት ድንጋይ ነው። ሁለት ሰዓት ለፍታ ጉልበቷ ድረስ እንኳ አልዘለቀችም፤ መዳፏ ተልጦ ደምቷል። ባርትሊ አራት ሰዎች አስከትሎ ሲመጣ ቀና አላለችም።

«ነይ ውጪ ከዚያ።»

«ካባቴ እጅ እንደነጠቁት ከእኔ አይነጥቁኝም።»

ባርትሊ ፊቱ ቀላ። «ለሱ ብዬ እንዳይመስልሽ። ልጅ የአባቷን መቃብር የቆፈረችበት አጥቢያ እንድንባል አልፈልግም፣ በቃ። እሱን እስክሞት ይቅር አልለውም።»

«እኔም ይቅር ይበሉት አላልኩም።»

አልወጣችም። እነሱም ገብተው ዙሪያዋን ቆፈሩ። ጥልቀቱ ሲደርስ ወንዶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ሶርካ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ተንበርክካ፣ ከወለሉ ያገጠጡትን ጠጠሮች በጣቷ እየነቀለች ወደ ላይ ትወረውር ጀመር።

«ደግሞ ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ባርትሊ ከላይ።

«ይቆረቁረዋል።»

«በሣጥን ነው የሚገባው፤ ሙት ደግሞ አይቆረቁረውም።» ድምፁ አልለዘበም።

መሬቱን በተላጠ መዳፏ እየዳበሰች ያገኘችውን ጠጠር ሁሉ ለቀመች።