ሞዴሌ ውስጥ ያልነበረችው መስታወት

ሲበዛ ችኮ ነኝ። አብነት ሰፈር ያለው ወርክሾፓችን ውስጥ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሦስት ትንንሽ ቴሌስኮፖች የሚሰበስቡትን ብርሃን አገናኝተን፣ ኮከብን እንደ አንድ ትልቅ ቴሌስኮፕ አጥርተው እንዲያሳዩን ነው የምንለፋው። ብርሃኑ በትክክል ሲገናኝ ካሜራው ላይ ስስ ጥቁርና ነጭ መስመሮች ይወጣሉ። ስልክ ከነዘረ ድራሻቸው ይጠፋል።

እኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ እያንዳንዱ ጨረር የት እንደሚሄድ በኮምፒውተር ሞዴል እሠራለሁ፤ ወንድሜ ጃፋር ወርክሾፕ ውስጥ በኮከብ ፋንታ ሌዘር እያበራ መስታወቶቹን ያስተካክላል። ያን ቀን እስካሁን ይሠራበት የነበረውን ደካማውን ቀይ ሌዘር አንስቶ፣ ለዓይን የማይታየውን ኃይለኛውን ተክሎ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሞዴሉን ስፈትሽ፣ አቧራ እንዳይገባ ብለን የገጠምናትን ስስ መስታወት እንዳላስገባኋት አየሁ። ምን ታመጣለች ብዬ እኮ ነው! አስገባኋት። ጨረሩ ከእሷ ላይ ነጥሮ ወደ ኋላ ተመለሰና፣ ጃፋር ጎንበስ ብሎ በዓይኑ የሚያነጣጥርባት ቦታ ላይ አረፈ። ከቀዩ ሌዘር ጊዜ ጀምሮ የለመደው ነው። ዓይንን ከሌዘር የሚጋርደው መከላከያ ደግሞ በመነጽሩ ላይ አልገባ ስለሚለው አያደርገውም። ስንቴ ተጨቃጭቀናል!

ያ ረቢ! ደወልኩለት። ይጠራል፣ አያነሳም። የት ያንሳው? ስልኩ በሩ ጋ ካርቶን ውስጥ ነው፤ በኔ ሕግ።

በነጠላ ጫማ ወጣሁ። ሚኒባሱ ሞልቶ አለፈኝ፤ ሮጥኩ። "አላህዬ፣ ዓይኑን ብቻ!" እያልኩ ሰው እገፋለሁ። አንዷ ቲማቲም ሻጭ "ምን ነካት ይቺ!" አለች። ዞር ብዬም አላየኋት።

ደርሼ በሩን በቡጢ ደበደብኩት።

"ማነው እሱ! መስመሮቹን አጠፋህብኝ እኮ!" ብሎ ጮኸ ከውስጥ።

"ሌዘሩን አጥፋ! አሁኑኑ አጥፋው!"

አጥፍቶ ከፈተልኝ። ጭራሽ ይስቃል። "ምን ሆነሻል ቢልቂስ? ጂን አየሽ እንዴ?"

"በዓይንህ አነጣጥረሃል?"

"ታዲያ በምን ላነጣጥር? ምንም አላመመኝም።"

የፈራሁትም ይሄንኑ ነው። የማይታየው ሌዘር ዓይን ሲያቃጥል አያሳምምም፤ የሚያዩትን ነገር መሃሉን ብቻ ያጠፋል፣ ያንንም ሌላው ዓይን ይሸፍነዋል። ግራ ዓይኑን በመዳፌ ሸፈንኩና "ፊቴን እየኝ" አልኩት።

"አታካብጂ ባክሽ" አለ። ከዚያ አንገቱን ወዲህ ወዲያ አዘነበለ።

"ቢልቂስ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "አፍንጫሽ የት ሄደ?"

ግራውን ለመሞከር መዳፌን ማንሳት ፈራሁ።