የማርያም ዳቦ ለልብስ ሰፊዋ

ስመኝ ፍኖተ ሰላም ከተማ ልብስ ስፌት ተምራ ቡሬ ላይ ሱቅ የከፈተች ዕለት የወረዳው ኃላፊ ሪባን ቆረጠላት። «አካል ጉዳተኞች ይችላሉ» ብሎ ስለ ልማት ረጅም ንግግር አደረገ፤ ዘመኑ የኢሕአዴግ ነበርና እኛም ደጋግመን አጨበጨብን። ከዚያ ሱሪውን ሊያሳጥር ጎረቤቷ ወደሆነው ልብስ ሰፊ ወደ አንዷለም ገባ። እኔ ፊት ለፊት ጨውና ሳሙና ስለምሸጥ ሁሉንም አይቻለሁ።

የከተማችን ሰው ደግ ነው። ደግነቱ ግን ያንገሸግሻል። ስመኝን በልጅነቷ እግሯን ልምሻ ስለያዛት በክራንች ነው የምትሄደው፤ የስፌት መኪናዋንም በእጇ እያዞረች ትሰፋለች። ክራንች ያየ ሰው ደግሞ ምጽዋት እንጂ ሥራ አይታየውም። በየወሩ በማርያም ቀን ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ሴቶች መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ቁራሽ ዳቦ እያኖሩላት ያልፋሉ። የሚሰፋ ጨርቃቸውን ግን አንዷለም ጋ ይወስዳሉ። «እሷን ማድከም ኃጢአት ነው» አለችኝ ካሰች፣ የዳቦ ሰጪዎቹ አለቃ።

ልጅቱ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ እሷን ብሎ ጨርቅ ይዞ የሚመጣ ሰው። እሱን ስታጣ፣ አንዷለም ሥራ ሲበዛበት በጓሮ በኩል የሚያቀብላትን መስፋት ጀመረች። ዓመቱን ሙሉ ቡሬ የስመኝን ስፌት ለብሶ የአንዷለምን እጅ አመሰገነ። እሱም ምስጋናውን ዓይኑን በጨው አጥቦ ተቀበለ።

ጥምቀት ሲቃረብ፣ በታኅሣሥ ማርያም፣ አንዷለም በጓሮ ያቀበላትን የጨርቅ ጥቅል መለሰችበት።

«ባለቤቶቹ ራሳቸው ያምጡልኝ» አለችው።

ለመነ፤ አኮረፈ። ሴቶቹ ደጁን ሞልተው «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያሉ ሲያፋጥጡት ግን ጨነቀውና ወደ ጎረቤቱ ሱቅ ጠቆመ። «የምትሰፋው እሷ ነች» አለ።

ካሰች ከነዳቦዋ ስመኝ ጋ ገባች። ይቅርታ የምትጠይቅ መስሎኝ ጆሮዬን ጣልሁ።

«አንች ነሽ እንዴ ስትሰፊ የኖርሽው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ታዲያ አትናገሪም ነበር? ይህን ሁሉ ወር ለሠርቶ አዳሪ ስመጸውት ኖሬ፣ ያ ሁሉ ዳቦዬ ከንቱ ቀረ ማለት አይደል?»

ሴትዮዋን የቆጫት የልጅቱ ልፋት ሳይሆን የገዛ ጽድቋ መጉደሉ ነበር። እኔ ነደደኝ። ስመኝ ግን ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«ዳቦዎን ይያዙት» አለቻት። «ጨርቅ ይዘዋል?»

ካሰች ከነጠላዋ ሥር አወጣች። «ለጥምቀት ይደርሳል?»

ስመኝ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች፤ ጨርቁን አየችው፤ ሜትሯን መልሳ አንገቷ ላይ አደረገችው።

«ከፊትዎ ሰው አለ። እዚያ ቁጭ ብለው ይጠብቁ።»

ከፊቷ ማንም አልነበረም። ካሰች ግን ዳቦዋን ታቅፋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ስመኝም ባዶውን ጠረጴዛ ቀስ ብላ መወልወል ጀመረች።