የማነጻጸሪያው ደም

ታናሽ ወንድሜ ጣቱን ከተወጋ ወዲህ መቀመጥ አቅቶታል፤ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። እኔም የተረጋጋሁ መሰልኩ እንጂ ጓንቴ ውስጥ እጄ በላብ ርሷል። አባታችንን የወሰደው የኩላሊት ሕመም ነው። አሁን ደግሞ የወንድሜ እግር ማበጥ ጀመረ። ሐኪም ቤት ሂድ ስለው፣ አባባ ገብቶ ካልወጣበት ቦታ አልገባም ብሎ አሻፈረኝ አለ። በስንት ልመና እኔ የምሠራበት ላቦራቶሪ ድረስ መጣልኝ።

ሥራዬ ማተም ነው። ወረቀት ግን አይደለም፣ ፈሳሽ ፕላስቲክ ነው። ማተሚያው መስታወት ላይ ጠብ ጠብ ያደርገዋል፤ እያንዳንዷ ጠብታ ስትደርቅ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰች ሌዘር ትሆናለች። የኩላሊት ሕመሙ ምልክት የሆነው ፕሮቲን ከተጣበቀባት የብርሃኗ ቀለም ፈቀቅ ይላል። መሣሪያው የሚነግረን የሁለት ጠብታዎችን ልዩነት ነው፤ አንዷ ላይ የሚጠረጠረው ደም፣ ሌላዋ ላይ የጤነኛ ሰው ደም ይደረጋል።

የጤነኛው ደም አልቆብን ነበር። እስኪመጣ መጠበቅ ደግሞ አልፈጠረብኝም፤ እናቴ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ስትለኝ የኖረችው ወዳ አይደለም። ከቤታችን ጉንፋን እንኳ የማይደፍረኝ እኔ ነኝ። ስለዚህ ጣቴን ወጋሁና በጤነኛው ፋንታ የራሴን ደም አደረግሁ።

ልዩነቱ ዜሮ ሆነ። ደገምኩት፤ ያው ዜሮ። ደስታዬን የምይዝበት ጠፋኝ። "ሂድ ከዚህ፣ ጫማህ ጠቦህ ነው" ብዬ ሸኘሁት። እያፏጨ ደረጃውን ወረደ።

መስታወቱን ልጥል ስል እጄ ቆመ። ዜሮ ማለት እኮ ወንድሜ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ከእኔ አይለይም ማለት ነው። እኔ ደግሞ ተመርምሬ አላውቅም።

አጠገቤ የምትሠራዋን ጓደኛዬን ጣትሽን ስጪኝ አልኳት። ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ፣ ለምን ሳትል ሰጠችኝ። አዲስ ጠብታዎች አተምኩ፤ የእሷን ደም ለማነጻጸሪያ፣ የእኔንና ከወንድሜ የተረፈውን ለምርመራ። የወንድሜ ፈቀቅ አለ። የእኔም እኩል ፈቀቅ አለ።

"ይሄኛው የማን ነው?" አለችኝ፣ ቁጥሩን እያየች።

ስልኬን አንስቼ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ገና ከሕንፃው አልራቀም፣ ከፉጨቱም አልወጣም።

"ምን ረሳሁ?" አለኝ።

"እኔን" አልኩት። "ተመለስ። ሐኪም ቤት ብቻዬን መግባት ፈራሁ።"

ፉጨቱ ቆመ። ከዚያ ደረጃውን ወደ ላይ ሲሮጥ ሰማሁት።