ጋሼ የሠራላት ቁልፍ

እንግዲህ ልጆቼ፣ የሆስፒታሉን ሰርቨሮች፣ ማሽኖቹን ሁሉ የሚያዙትን ኮምፒውተሮች፣ ከመንገዱ ማዶ ካለ ቢሮ የምትጠብቀው ሴት ሥራውን የተማረችው ከታላቅ ወንድሟ ነው። ጋሼ ትለዋለች። ሰርቨሮቹን የምትከፍትበትን የኤስኤስኤች ቁልፍ፣ በፋይል ውስጥ የተቀመጠ ረጅም ምስጢር ነው፣ የሠራላት እሱ ነበር።

ቆይቶ አዳዲስ ፕሮግራሞችን በየሰርቨሩ ላይ በራሱ የሚጭን መሣሪያ መጣ። ቁልፍ እኔ ላውጣልሽ ወይስ የራስሽን ትሰጪኛለሽ ሲላት፣ የወንድሟን ሥራ መጣል ሆዷ አልቻለምና የጋሼን ቁልፍ ሰጠችው። ቅጂው ጋሼ ዘንድ እንዳለ እያወቀች። ወንድም አይደል?

ጋሼ ከሆስፒታሉ አለቆች ጋር ተጣልቶ ከሥራው ተባረረ። የመተንፈሻ ማሽኖቹን ሰርቨር አጠፋዋለሁ፣ ያኔ እግሬ ላይ ወድቀው ይመልሱኛል ማለቱን ሚስቱ ነገረቻት። ሰርቨሮቹ የሚከፈቱት ከዚያ ቢሮ ብቻ ነውና እየበረረች ገባች። አዲስ ቁልፍ ሠርታ ለመሣሪያው ሰጠችው፤ አሮጌውን ከየሰርቨሩ እንዲፍቅ አዘዘችው። ማረጋገጫዋን መጫን ብቻ ሲቀራት በሩ ተገነጠለ።

ጋሼ መዶሻ ይዟል። ተነሺ አላት። አልተነሳችም። በጸጉሯ ጎትቶ ከግድግዳው ጋር አላተማት፤ ቅንድቧ ተተርትሮ ዓይኗ ደም ሞላ። ስትወድቅ ጎኗን በጫማው ደጋግሞ ረገጠው። እየዳኸች ተመልሳ እጇን ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋ በመዶሻው አወረደባት፤ ጣቶቿ እንደ ጭራሮ ተንኮታኮቱ። ሌላኛውንም እጇን ደገመው።

"ያን እጅ ያስተማርኩት እኔ ነኝ" አላት እያለከለከ።

"አዎ ጋሼ። ደህና አድርገህ ነው ያስተማርከኝ።"

ይህን ብላ በአገጯ ማረጋገጫውን ተጫነች።

ጉሮሮዋን አነቃት፤ ከንፈሯ እስኪጠቁር አልለቀቃትም። ከዚያ ገፍትሮ ጣላትና በደም በተነከረ እጁ የአሮጌውን ቁልፍ ቅጂ የያዘ ፍላሽ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካ። አልተፈቀደም አለው። ደግሞ ሞከረ። አልተፈቀደም። ስክሪኑን በመዶሻ አደቀቀው፣ ወንበሩን አደቀቀው፣ ከዚያ የሚመታው ነገር ጠፋውና ወለሉ ላይ ዘጭ አለ።

ጎኗ ውስጥ አንድ ነገር ተሰብሮ ትንፋሿ እያፏጨ ነበር።

"ጋሼ፣ ተነስና ማዶ ወደ ሆስፒታሉ አሻግረኝ" አለችው። "የመተንፈሻ ማሽኖቹ እየሠሩ ነው።"

አየት አደረጋት። መዶሻውን አስቀመጠና ተሸክሟት ወጣ።