ከምሰሶው የሸሸው አልጋ

ከልጄ መኝታ ቤት መስኮት እስከ ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚው ምሰሶ እግር ድረስ ሠላሳ አንድ ሜትር ነው። በልብስ ስፌት ሜትሬ፣ በጉልበቴ እየዳኽኩ ነው የለካሁት። ጎረቤቶቼ "ይቺ ሴትዮ ለምሰሶው ሱሪ ልትሰፋለት ነው" ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ! ከምሰሶው ጨረር የተነሳ የባለሱቋ ልጅ የደም ካንሰር ያዘው ከተባለ ወዲህ እኔ ሳቅ አቁሜያለሁ። ካፊያ ሲጥል ሽቦው እንደ ትኩስ ዘይት ይንጣጣል።

ስምንት ዓመት የሆናት ልጄ በዚያው ሰሞን ራሷን ያማት ጀመር። ሐኪሙ ምንም አላገኘባትም። እኔ ግን እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም፤ አልጋዋን ከመስኮቱ ሥር አንስቼ ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር አስጠጋሁት። አራት ሜትር ከሃያ አተረፍኩ። ራስ ምታቱ ግን አልለቀቃትም። ከትምህርት ቤት በቀረች ቁጥር እዚያ አስተኝቻት ሥራዬ ላይ እቀመጣለሁ።

ሰፈሩ ዓመት ሙሉ አቤት ሲል ከርሞ በመጨረሻ አንድ ባለሙያ መጣ። መዳፍ የምታክል የጨረር መለኪያ ይዞ መስኮቱ ጋ ቆመ።

"ዝቅተኛ ነው እህቴ፤ አይስጉ።"

"እስቲ አልጋዋም ጋ ይለኩልኝ" አልኩት፣ ብልጠቴን ላሳየው።

መለኪያዋን ትራሱ ላይ ሲያስቀምጣት ቁጥሩ ዘለለ። ትንሽ ቆይቶ ወረደ። ደግሞ ዘለለ።

"ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ምንድን ነው ያለው?"

ከጀርባው የእኔው የስፌት ክፍል ነው። ቆጣሪውም፣ ሁለቱ የስፌት ሞተሮችም ያሉት እዚያው ግድግዳ ሥር ነው። ሠራተኛዬ በረገጠች ቁጥር ሞተሩ ያጓራል፣ ቁጥሩም ይወጣል። ዓመት ሙሉ በልጄ ራስጌ ስረግጥ የኖርኩት እኔው ነኝ።

"ይሄ ያሳምማል ማለት አይደለም" አለ ሰውየው ፊቴን አይቶ። "ብቻ ለማንኛውም አልጋዋን ራቅ ያድርጉት።"

አልጋውን ክፍሉ መሀል አቆምነው፤ የሜትሩን አንድ ጫፍ ልጄ ያዘችልኝ። በማግስቱ እግሬን የሞተሩ መርገጫ ላይ አሳረፍኩ።

"አመመሽ እንዴ?" ብዬ በግድግዳው ማዶ ጮኽኩ።



"ገና መች ረገጥሽው፣ እማዬ?"