በጎርኒ ዶል በሮች ላይ

ዝላቲና መኪናዋን ዳገቱ ጫፍ ላይ ድንገት አቆመች። ባዶ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል በሚባለው የቡልጋሪያ መንደር፣ በጎርኒ ዶል፣ ከየቤቱ ጭስ ይወጣ ነበር።

«ጥሩ ነው!» አለ አጠገቧ የተቀመጠው ሉድቪግ። ከኦስትሪያ የመጣ የእርዳታ ድርጅት ተወካይ ነው፤ ቡልጋርኛን እየተንገዳገደም ቢሆን ይናገራል። «ሰዉ ሞልቷል። እርስዎ ግን ጥቂት ናቸው ብለውኝ ነበር።»

የዝላቲና ማኅበር ታች ከተማው ውስጥ ጧሪ ላጡ አረጋውያን የምሳ ሾርባ ያበስላል። ክረምቱን የሚሻገረው የሉድቪግ ድርጅት አጋር ከሆነው ብቻ ነው፤ እነሱም የሚፈልጉት ሥራው ወደ ተራራው መንደሮች እንዲሰፋ ነው። ዝላቲና ከቤት ስትወጣ መኪናው ሲገለበጥ፣ ሾርባው ሲደፋ፣ ሉድቪግ ሲቆጣ በሐሳቧ ታይቷት ነበር። ይህ ግን አልታያትም።

በእግር ገቡ። ውሻ አልጮኸም። በየበሩ ላይ ፎቶ ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። በአገሩ ሰው ሲሞት በሩ ላይ እንዲህ ይለጠፋል፤ አርባው ሲደርስ ይታደሳል፣ ሙት ዓመቱም ሲደርስ እንደዚያው። ዝናብ ጽሑፋቸውን አጥቦ ያደበዘዛቸው ፊቶች አላፊውን ያያሉ፤ ከበላያቸው ጭሱ ይትጎለጎላል።

«ደስ የሚል ልማድ ነው» አለ ሉድቪግ ስልኩን እያወጣ። «የቤቱ ባለቤቶች ናቸው?»

«አዎ… ባለቤቶቹ ናቸው» አለች ዝላቲና።

«ይህን ለድርጅታችን ቦርድ ባሳይ ውሉን ዛሬውኑ ይፈርማሉ!» እያለ ፊቶቹን አንድ በአንድ ያነሳ ጀመር።

ድንገት ከአሮጊቷ ከፔንካ ቤት ሳል ተሰማ። ፔንካን ዝላቲና ራሷ ቀብራታለች። በሩ ሲጢጥ ብሎ ሲከፈት ወደ ኋላ አፈገፈገች።

አመድ የለበሰ ሽማግሌ ማገዶ ታቅፎ ወጣ። «ምነው ልጄ፣ ሙት ያየሽ መሰለሽ?»

«አባባ ቬልኮ! እዚህ ቤት ምን ያደርጋሉ?»

«እሳት አነዳለኋ! ከኔ ሌላ ሰው አልቀረም፤ ሁሉም ቤት የኔ ነው አሁን፣ ሀብታም ሆኛለሁ። ያ ሰነፍ የዳቦ መኪና ሹፌር ጭስ ካላየ ከታች ነው የሚመለሰው፤ ለአንድ ሽማግሌ ዳገት አይወጣም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደሞ ሲመሽ ጭር ይላል፣ ልጄ።»

የቀጣዩ ቤት በር ላይ ያለው ወረቀት አዲስ ነው። ፎቶው የራሱ የቬልኮ ነው፤ የሞት ቀኑ ቦታ ባዶ ነው።

«እኔ ስሞት ማን ይለጥፍልኛል?» አለ ዓይኗን ተከትሎ። «አሁን ቀኑ ብቻ ነው የቀረው።»

ሉድቪግ የሽማግሌው ጥድፊያ ያለበት የተራራ አነጋገር አልገባውም። «ታዲያ ምሳውን ለስንት ሰው እንጀምር?»

ዝላቲና ጭሱን አየች። ታች ከተማው ያሉት ወጥ ሠሪዎቿና ባዶ ድስቶቻቸው ታዩዋት። ቀጥሎ ቬልኮ ለየቤቱ ተቆጥሮ የመጣ ትኩስ ሾርባ ይዞ ከሙታን በር ወደ ሙታን በር ሲዞር ታያት።

«ለአንድ» አለች። «በሮቹ ላይ ያሉት ሁሉ ሞተዋል። ቅድም ዋሽቼዎታለሁ።»

ሉድቪግ ስልኩን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገ።

እሷ ግን መልሱን አልጠበቀችም። ሙጫው ገና ያልደረቀውን የቬልኮን ወረቀት ከበሩ ላይ በጥፍሯ ልጣ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«ይሄ እኔ ጋ ይቆይ፣ አባባ። ነገ ምሳ ይዤ ስመጣ በሩ ላይ እንዳላየው።»