ባለባርኔጣው ሰውዬ

ቅዳሜ ሜይ 25 ቀን 2024፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ አባታችን ከብት በረቱ አጠገብ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መነጽሩን አደረገና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ።

እህቴ ዞሊስዋ ፊቱ ቆማለች። ለምርጫ ማስተማሪያ ብላ የሣለችው ባለሥዕል ታሪክ፣ ሁለት መቶ ቅጂ፣ እግሯ ሥር ካርቶን ውስጥ ነው። ምርጫው አራት ቀን ቀርቶታል። በሴንታኔ ገጠር የመንደራችንን ስብሰባ የሚመራው አባታችን ነው፤ እሱ እምቢ ካለ አንዲትም ሴት ቅጂውን አትነካም።

ያስጨነቃት ሦስተኛው ገጽ ነበር። እዚያ ወንዶች ወንበር ላይ፣ ሴቶች ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል፤ ልክ እንደኛ። አንድ ባለባርኔጣ ሰውዬ «ማንን እንደምትመርጡ ማታ እንነግራችኋለን» ይላል። አንዲት አሮጊት ግን ተነሥታ ባዶ ወንበር ስባ ትቀመጣለች። ባርኔጣው የአባታችን ነው። መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል።

አባታችን እዚያ ገጽ ላይ ሲደርስ ቆየ። ከሴቶቹ ጋር ሰሌኑ ላይ የተቀመጡት፣ ሁላችንም «ማኩሉ»፣ አያት፣ የምንላቸው ማኩሉ ኖባንቱ አላስቻላቸውም።

«አንተ ሰውዬ፣ ንባቡ ጠፋብህ እንዴ? ለኛም አሳየን እንጂ!»

«ዝም በይ አንቺ አሮጊት! ራሴን እያየሁ ነው።»

ወንዶቹ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ።

«ዞሊ፣ ይሄ እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ ታታ።»

«የባርኔጣዬ ላባ በግራ ነው። አንቺ በቀኝ አረግሽው።»

«አስተካክለዋለሁ።»

ጣቱን ሥዕሉ ፊት ላይ አሳረፈ። እኛ ጥቁሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ከመረጥንበት ከ1994ቱ ምርጫ በፊት፣ ዞሊስዋ ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ መምህሯ «የገላ ቀለም» በምትለው ሮዝ እርሳስ ሥላው፣ «ይሄ ነጭ ደግሞ ማነው?» ብሏት ነበር። በማግሥቱ ከተማ ወርዶ ቡናማ እርሳስ ገዛላት።

«ቀለሜን እንኳ አልሳትሽም» አለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለእናትሽም ያኔ፣ በመጀመሪያው ምርጫ፣ ‹ማንን እንደምትመርጪ ማታ እነግርሻለሁ› ነበር ያልኳት።»

«አውቃለሁ። በር ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ።»

ቅጂውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ተነሣና ወንበሩን ማኩሉ ኖባንቱ ፊት አኖረው።

«በይ ተቀመጪ። ጉልበትሽ ሲንቋቋ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።»

አሮጊቷ ተደላድለው ተቀመጡ። «ይሞቃል» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ስታሞቅልኝ ነበር ለካ!»

አባታችን ከሁሉም በላይ ሳቀና ሰሌኑ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ዞሊስዋ ያኔ ካርቶኑን ከፍታ ቅጂዎቹን ማደል ጀመረች።

አባታችን ያረፈው ኦገስት ላይ ነው። በቀብሩ ቀን ሰሌንም ወንበርም ነበር፤ ማኩሉ ኖባንቱ የተቀመጡት ወንበር ላይ ነው።